የቆየ አልበም ወደ አድማጩ ሲመለስ

(በጨፋ ሮቢት ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



ዛሬ የመጣሁት ስለ ሙዚቃ ልነግራችሁ ነው፤ ይበልጡን ግን ዜማው ከተቀረጸ በኋላ ስለሚደርስበት ነገር። አንድ ባንድ አሳታሚ ሳይኖረው በራሱ አቅም አልበም ያወጣል። ዘመን ያልፋል፤ ካሴቱ ከገበያ ይጠፋል፤ ባንዱም ይበተናል። ከብዙ ዓመት በኋላ ያ አልበም እንደገና አድማጭ ፊት ይቀርባል። ይህ እንዲሆን ምን መሟላት አለበት? እኔ የማምነው ሁለት ነገር ነው። አንድ ሰው ቅጂውን ሳይጥል ማቆየት አለበት፤ መብቱ ደግሞ ከሠራው ሰው እጅ ሳይወጣ መቆየት አለበት። አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም። ለምን ጉዳዩን ጨፋ ሮቢት ድረስ እንዳመጣሁት እያደር ይገባችኋል።

ዘመኖችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የቅጂ መብት አዋጆቹን ቁጥር ግን በራሳችን ዓመተ ምሕረት።

ኃይሉ መርጊያ በ1946 ደብረ ብርሃን ተወለዱ። ከዚህ ተነሥታችሁ አዲስ አበባ ስትወጡ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አልፋችሁ የምታገኟት ከተማ ናት፤ የማወራላችሁ ስለ ሩቅ ሰው አይደለም። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገቡ። መጀመሪያ ከለመዷቸው መሣሪያዎች አንዱ አኮርዲዮን ነበር፤ በኋላ ኦርጋን ተጫዋች ሆኑ። ስማቸው ከዋሊያስ ባንድ ጋር ተቆራኝቶ ቀረ። ዋሊያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተቋቁሞ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት የተጫወተ ባንድ ነው።

ዘመኑን ታስታውሱታላችሁ፤ ያላያችሁትም ከወላጆቻችሁ ሰምታችኋል። ደርግ ሥልጣን ይዟል፤ የሰዓት እላፊ ታውጇል፤ ዘፈን ከመውጣቱ በፊት ግጥሙ በሳንሱር ያልፋል። የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሰዓቱ ካለፈበት እስኪነጋ በሩ ተዘግቶበት ይቆያል፤ ሙዚቀኛውም አብሮት ያነጋል። ግጥም የሌለው ሙዚቃ በዚያ ጊዜ ትንሽ መተንፈሻ ነበረው። ዋሊያስ በ1975 «ትዝታ» የተባለ ካሴት አወጣ። በ1977 ደግሞ ያለ ዘፋኝ የተሠራውን «ቼ በለው» የተሰኘ የሸክላ አልበም አወጣ፤ በዚህ ሥራ ላይ ሙላቱ አስታጥቄም ተጫውተዋል። ዛሬ በየአገሩ ያሉ ባንዶች የሚጫወቱት «ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በዚሁ አልበም ውስጥ ነው። በ1978 ኃይሉ በጊዮን ሆቴል ከሚጫወተው ዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ። የሸክላ ሕትመት በአገራችን ያበቃው በእነዚያው ዓመታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የካሴት ዘመን ነው።

በ1981 ዋሊያስ ባንድ ከማሕሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሣ ጋር አሜሪካ ሄዶ ተጫወተ። ጉዞው ሲያበቃ ከአባላቱ ከፊሎቹ ወደ አገር ተመለሱ፤ ኃይሉ ግን ከሌሎች ጋር እዚያው ቀሩ፤ ኑሯቸውንም ዋሽንግተን አደረጉ። አንድ ሙዚቀኛ ባንዱን፣ መድረኩንና አድማጩን በአንድ ጊዜ ሲያጣ ምን እንደሚሰማው መገመት አያስቸግርም። ኃይሉ መሥራቱን ግን አልተዉም። በ1985 ብቻቸውን አንድ አነስተኛ ስቱዲዮ ገብተው አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ፒያኖውን፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽኑን ሁሉ ራሳቸው ተጫውተው አንድ አልበም ጨረሱ። ባንድ የለም፤ ከበሮ መቺ የለም። የድሮው የአኮርዲዮን ድምፅ ከአዲሱ ማሽን ጋር ተገናኘ። ከዜማዎቹ መካከል ሁላችሁም የምታውቁት «ሸሞንሟናዬ» አለበት። ካሴቱ ወደ ኢትዮጵያ ተልኮ ተሸጠ፤ ሕዝቡም ወደደው።

ይህን አልበም ዛሬም ስሰማው የሚገርመኝ ድፍረቱ ነው። በስደት ያለ ሰው ያንኑ የለመደውን የሂልተን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን የልጅነታቸውን አኮርዲዮን አውጥተው የከበሮ ማሽን ላይ ጫኑት፤ ማንንም ሳያስፈቅዱ፣ የማንንም አሳታሚ ምርጫ ሳይጠብቁ። ብቻውን የሚሠራ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር መሞከር ይችላል፤ አላሳፈራቸውምም።

ከዚያ በኋላ ዝምታ መጣ። ኃይሉ በሕዝብ ፊት መጫወት አቆሙ፤ በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ እየነዱ ከደላስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ያመላልሱ ጀመር። ኪቦርዳቸው ግን ሁልጊዜ በመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነበር። መንገደኛ እስኪመጣ ወረፋ ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። አድማጭ በሌለበት እንዲህ ለዓመታት ጣቶቹን ያላሳነፈ ሰው ሳስብ ለሙያው ያለው ክብር ልቤን ይነካዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ያ የ1985 ካሴት ዋሽንግተን ተቀርጾ ወደ ኢትዮጵያ ተላከ፤ ባሕር ዳርም ደረሰ። ባሕር ዳር በአንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ለዓመታት ቆየ። ብራያን ሽምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ወደዚያ ሲመጣ አገኘውና ገዛው። ሲሰማው አልበሙ የማይረሳው ሆነበት። ባለቤቱን ፈለገ፤ ስልክ ቁጥራቸውንም አገኘና ደወለ። ኃይሉ ታክሲ እየነዱ ነበር የሚኖሩት። ሰውዬው «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚል ስም ያለው አነስተኛ የሙዚቃ አሳታሚ አለው፤ አሠራሩ ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋር እኩል መካፈል ነው። በዚሁ ስምምነት አልበሙ በ2013 በሸክላ፣ በሲዲና በዲጂታል እንደገና ወጣ።

ከዚያ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016፣ የ1975ቱ «ትዝታ» በ2021 ተመልሰው ታተሙ። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ተጫወቱ። በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም፣ በ2020 ደግሞ «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። አሮጌው አልበም ለአዲሱ መንገድ ጠረገ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡልኝ። የባሕር ዳሩ ባለሱቅ ያንን ካሴት «ጊዜው አልፎበታል» ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮስ? ወይም የካሴቱን ልባስ ወረቀት ቀዶ፣ የሠራውን ሰው ስም የማያሳይ ባዶ ካሴት አስቀርቶ ቢሆን? የሰበሰበው ሰውስ ባለቤቱን ሳይፈልግ ለራሱ ሸጦት ቢሆን? ሦስቱም በአገራችን በየቀኑ የሚሆን ነገር ነው። የባለሱቁን ስም አላውቅም፤ ለእኔ ግን ከዚህ ታሪክ ባለውለታዎች አንዱ እሱ ነው።

በራስ አቅም ሙዚቃ ማሳተም በኃይሉ አልተጀመረም። በንጉሡ ዘመን በ1948 የወጣ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሐ እሸቴ የተባሉ ወጣት ነጋዴ ይህን ብቸኛ መብት ደፍረው በራሳቸው ገንዘብ አሳታሚ ከፈቱ። የመጀመሪያ ሥራቸው የአለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። ሸክላዎቹ የሚታተሙት ከአገር ውጭ ነው፤ በሕንድ፣ በሊባኖስ፣ በግሪክ። አምሐ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 አልበም አሳተመ። ባለቤቱ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ያረፉት በ2021 ነው። አንድ ግለሰብ የመንግሥትን ብቸኛ መብት ባይጋፋ ኖሮ የማሕሙድን፣ የአለማየሁንና የሌሎችንም የወጣትነት ድምፅ የት እናገኘው እንደነበር አላውቅም።

የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጂግ ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ሲታተም ነው የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ለአውሮፓ ጆሮ መግባት የጀመረው። ከዚያ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኤትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ በቡዳ ሙዚክ አማካይነት በ1990ዎቹ መጨረሻ ጀመሩ። ለእነዚህ ሰዎች ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ያሳስበኛል። የእኛ የቆዩ ሥራዎች ተፈልገው፣ ተጠርገው፣ ታሪካቸው ተጽፎ የወጡት አብዛኛውን በፈረንጅ እጅ ነው። ወጣቶቻችን የአባቶቻቸውን ሸክላ የሚገዙት ከፓሪስና ከሎስ አንጀለስ ነው። ይህ መለወጥ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ለመለወጥ ደግሞ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩንም ላንሣ፤ ከሁሉም ለየት ያለ ታሪክ ስላላቸው። በ1923 የተወለዱ መነኩሲት ናቸው፤ በፒያኖ የራሳቸውን ዜማ ይጫወቱ ነበር። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ታተመ፤ ገቢውንም ለችግረኛ አዋሉት። ሙዚቃቸው በሰፊው የታወቀው ግን በ2006 የ«ኤትዮፒክስ» 21ኛ ቅጽ ሆኖ ሲወጣ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ80 አልፏል። በ2023 በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ። ለእሳቸው አልበም ማለት ከመጀመሪያው ማካፈል ነበር።

አሁን ደግሞ ከእኛ በጣም ወደ ራቀ ሙዚቃ ልውሰዳችሁ፤ እባካችሁ ታገሡኝ። ብላክ ሜታል የሚባል የሮክ ዓይነት አለ። ስሙን ያገኘው ቬኖም የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1982 ካወጣው አልበም ነው፤ በኋላ በኖርዌይ ጎለመሰ። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው በጣም ይፈጥናል፣ ድምፃዊው ከመዝፈን ይልቅ ይጮኻል። ሃይማኖት አክባሪ ሕዝብ ፊት ቆሜ እውነቱን አልሸሽግም፤ ይህን ሙዚቃ ከሚጫወቱት ወጣቶች አንዳንዶቹ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን አቃጥለዋል፤ ነፍስም ጠፍቷል። ያንን ማንም ጤነኛ ሰው አይደግፈውም። ስለ አሠራራቸው የምናገረው ግን ለእኛ ጥቅም ስላለው ነው።

ከእነዚህ ባንዶች ብዙዎቹን በመጀመሪያ የሚፈልጋቸው አሳታሚ አልነበረም። ስለዚህ ራሳቸው አሳተሙ። ሜይሄም የተባለው ባንድ በ1987 «ዴዝክራሽ»ን በራሱ ስያሜ ሥር በ1,000 ቅጂ ብቻ አወጣ። ዳርክስሮን የተባለው ደግሞ በ1994 ያወጣውን አልበም በአራት ትራክ መቅረጫ ነው የቀረጸው። ሙዚቀኞቹ ካሴት በፖስታ ይለዋወጡ ነበር፤ አንተ የአንተን ላክልኝ፣ እኔ አባዝቼ ለሌላ እልካለሁ። በዚህ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው ሁሉንም መሣሪያ ብቻውን ተጫውቶ አልበም መጨረሱ የተለመደ ነው። ልብ በሉ፤ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ላይ ያደረጉት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ዜማው ሰማይና ምድር ነው፤ የነጻ ሙዚቀኛ ኑሮ ግን አንድ ዓይነት ነው። ቅጂው ትንሽ ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ አድማጩ ግን ታማኝ ነው። ሥራቸውን ራሳቸው ያሳተሙ የብላክ ሜታል ባንዶችም ከዓመታት በኋላ የቀድሞ ሥራቸውን እንደገና ሲያወጡ፣ አንዳንዴም ለአድማጮቻቸው በነጻ ሲለቁ፣ የሚያስፈቅዱት ሰው አይኖርም። የራሳቸው ነውና።

በአገራችን ወደ ከባድ ሮክ የቀረበው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 «ኤርታሌ» የተባለውን አልበም አውጥቷል፤ አልበሙ ስሙን የወሰደው ከጎረቤታችሁ ከአፋር እሳተ ገሞራ ነው። በከሚሴም ሆነ እዚህ ጊታር የያዘ ወጣት ካለ፣ ይሄ መንገድ ለእሱም ክፍት ነው።

ወደ እናንተ ልምጣ። ይህ ዞን ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ምን እንደሰጠ ስንቶቻችን እናስባለን? ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች አንዱ ባቲ ነው፤ የባቲ ከተማም እዚሁ ዞን ውስጥ ናት። ትዝታና አምባሰልም ቢሆኑ ከወሎ የራቁ አይደሉም። ዛሬ በቶኪዮም ሆነ በበርሊን የኢትዮጵያ ሙዚቃ የሚያጠና ተማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ቅኝቶች አንዱ የእናንተን ገበያ ስም የያዘ ነው። ከዚህም ሌላ ወሎ የመንዙማ አገር ነው። የሼህ መሐመድ አወል መንዙማ በካሴት ያልገባበት ቤት እዚህ አካባቢ ማግኘት ይከብዳል። በሠርግ የሚዘፈነው የኦሮምኛና የአማርኛ ዘፈን አለ። በበጋ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን እየነዳ ወደ ጨፋ ግጦሽ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ዜማ አለ። ቦርከና ወንዝ ዳር ሦስትና አራት ቋንቋ በአንድ ገበያ ይሰማል።

ከዚህ ሁሉ በካሴት የተቀረጸው ስንቱ ነው? ብዙ ነው። በሠርግ ላይ፣ በመውሊድ ላይ፣ በቤት ውስጥ በተራ ቴፕ የተቀዳ ብዙ አለ። በአነስተኛ ሙዚቃ ቤት ተባዝቶ ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ ብቻ የተሸጠ አለ። ይህንን ፓሪስ ያለ ማንም አያውቀውም፤ ሊፈልገውም አይመጣም። ያለው በእናንተ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአልጋ ሥር ባለ ካርቶን ውስጥ ነው። ቦታውም ቆላ ነው፤ ሙቀት ካሴትን ይገድላል።

ካሴት ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ምን እንደሚያጠፋው እንድታውቁ። ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 ያወጣው ነው። በውስጡ ያለው ክር መሰል ፕላስቲክ ወርዱ 3.81 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ60 ደቂቃ ካሴት ወደ 90 ሜትር ክር ይዟል። በፕላስቲኩ ላይ የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በማጣበቂያ ተለብጧል፤ ድምፁ የሚቀመጠው በዚህ ዱቄት ላይ በማግኔት ነው። እርጥበት ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ ትልቅ ስፒከር አጠገብ ከተቀመጠ ማግኔቱ ድምፁን ያደክመዋል። ስለዚህ ካሴት መስኮት ላይ፣ ቴሌቪዥን ላይ ወይም ስፒከር ላይ አይቀመጥ። ከፀሐይ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ እንደ መጽሐፍ ቆሞ ይደርደር። በጀርባው ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስሕተት ሊቀዳበት አይችልም። የልባሱን ወረቀት ከሁሉ በላይ ጠብቁ። በላዩ ላይ የዘፋኙ፣ የመሣሪያ ተጫዋቾቹና የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ። ወረቀት የሌለው ከሆነ የምታውቁትን አሁኑኑ ጻፉ፤ ማን ዘፈነ፣ የት፣ በማን ሠርግ፣ ስንት ዓመተ ምሕረት። ይህን የሚነግራችሁ ሰው ዛሬ በሕይወት አለ፤ ነገ ላይኖር ይችላል።

ወጣቶች፣ እናንተን የሚመለከት አንድ ከበድ ያለ ነገር አለኝ። የቆየ ዘፈን አግኝታችሁ ወደ ስልካችሁ ትገለብጡና በቴሌግራም ወይም በዩቲዩብ በራሳችሁ ቻናል ላይ ትለቁታላችሁ። ልባችሁ ቀና እንደሆነ አውቃለሁ፤ «እንዳይጠፋ ብዬ ነው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ሥራ በእናንተ ምክንያት ተርፏል። ነገር ግን ተመልካቹ ሲበዛ ገንዘብ ይመጣል፤ ገንዘቡም የሚመጣው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ዘፋኙ ምናልባት ሐርቡ ላይ ወይም ሰንበቴ ላይ በሕመም ተኝቷል። ልጆቹ ስለ ገንዘቡ አያውቁም። ይህ ማካፈል ሊባል አይችልም፤ የሰውን ላብ መውሰድ ነው። የማካፈል መብት ያለው የሠራው ሰው ብቻ ነው። የካሴት ሰብሳቢው ሽምኮቪትዝ አልበሙን ከማሳተሙ በፊት መጀመሪያ ያደረገው ስልክ መደወል ነበር። ለእናንተ ደግሞ መደወል እንኳ አያስፈልግም ይሆናል፤ ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ከሁለት ሰፈር ማዶ ነው ያለው።

ሕጉም ከባለቤቱ ጎን ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ የእሱ ነው፤ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የወራሾቹ ነው። ዘፋኙና ተጫዋቹ፣ ካሴቱን ያሳተመውም ሰው በየፊናቸው ለ50 ዓመት መብት አላቸው። ለራስ መስሚያ አንድ ቅጂ መገልበጥ አልተከለከለም፤ ለሕዝብ መልቀቅና መሸጥ ግን ፈቃድ ይጠይቃል። አሁን እስኪ ቁጠሩ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቀረጹ ሥራዎች የተጫዋቾቹ 50 ዓመት በዚሁ በእኛ ዘመን እየሞላ ነው። የደራሲው መብት ይቀጥላል፤ ከበስተኋላ ሆኖ ሳክስፎን የነፋው ወይም ክራር የመታው ሰው መብት ግን እያበቃ ነው። ያለጊዜው የረሳነው ሰው አሁን በሕግም ሊረሳ ነው። እኔ ለዚህ ነው ስሙን ጻፉ፣ ዛሬውኑ ፈልጉት የምለው።

ባለቤቱ ሲገኝ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ይጠየቅ። እሺ ካለ ስምምነቱ በወረቀት ይጻፍ፤ ገቢ ከመጣ ለማን ስንት እንደሚደርስ፣ መብቱም የእሱ ሆኖ እንደሚቀጥል። እኩል መካፈል ጥሩ መነሻ ነው። እንደ ባንድካምፕ ያለ የኢንተርኔት መደብር ነጻ ሙዚቀኞች ከ2008 ጀምሮ አልበማቸውን በቀጥታ ለአድማጭ የሚሸጡበት ነው፤ ከዲጂታል ሽያጭ ለራሱ 15 በመቶ ያህል ይወስዳል፣ ዋጋውንም ሙዚቀኛው ራሱ ይተምናል፤ ከፈለገ በነጻ ይሰጣል። ክፍያው የሚላከው በፔይፓል ስለሆነ እዚህ ላለ ሰው መቀበሉ ቀላል አይደለም፤ ውጭ አገር ያለ ታማኝ ዘመድ ይህንን ሊያግዝ ይችላል። ባለቤቱ «አይሆንም» ካለም ይከበርለት። መንዙማ ለዱንያ ገበያ አልወጣም የሚል ሼህ ሊኖር ይችላል፤ የወጣትነት ዘፈኔን እንዲሰሙብኝ አልፈልግም የሚል ዘፋኝም። ቅጂውን በክብር አቆዩለት እንጂ አትልቀቁበት። ባለቤቱም ወራሹም ካልተገኘ ካሴቱን ከነመረጃው ለወሎ ዩኒቨርሲቲ ወይም ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ማስረከብ ይቻላል።

ሲገለበጥ ደግሞ በደንብ ይገልበጥ። ካሴት ደጋግሞ ሲጫወት ይጎዳል፤ ስለዚህ አንዴ ጀምራችሁ በትክክል ጨርሱት። በስልክ ማይክ ከስፒከር ላይ አትቅዱ፤ የክፍሉ ጫጫታና የውጭው መኪና አብሮ ይገባል። የቴፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ከኮምፒዩተር ጋር አገናኙ። የሚቀዳው ፋይል ኤምፒ3 ሳይሆን ዋቭ ይሁን፤ ኤምፒ3 ቦታ ለመቆጠብ ብሎ ከድምፁ ላይ ይቀንሳል፣ የቀነሰውን ደግሞ መልሶ ማምጣት አይቻልም። በ24 ቢትና ቢያንስ በ48 ኪሎ ኸርዝ ቅዱ። ከዚያ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ። ከተገለበጠ በኋላም ካሴቱን አትጣሉት፤ ዋናው እሱ ነው።

የመጨረሻው ችግር ማጫወቻው ነው። ካሴቱ ቢኖርም ቴፑ እየጠፋ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀበቶ ስትላላ ድምፁ ይጎተታል፤ ሰዎች ካሴቱ የተበላሸ ይመስላቸውና ይጥሉታል። ቀበቶዋ ትቀየራለች። ክሩን የሚነካው ሄድ ሲቆሽሽ ድምፁ ይታፈናል፤ በጥጥና በአልኮል ይጠረጋል። ሄዱ ከተዛነፈም በጎኑ ባለች ትንሽ ብሎን ይስተካከላል፤ ድምፁ ጥርት እስኪል ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ይህን ሙያ የሚያውቁት በከሚሴና በኮምቦልቻ ያሉት አንጋፋ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኞች ናቸው፤ ከመካከላቸው ብዙዎቹ አርጅተዋል። ከወጣቶቻችሁ ሁለትና ሦስት መርጣችሁ ከእነሱ ዘንድ ላኩ። አሮጌ ቴፕ ያላችሁም ለቁራሌው አትስጡት፤ ለእነዚህ ልጆች መለማመጃና መለዋወጫ ይሆናቸዋል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ፤ ካሴት ይዛችሁ የመጣችሁም እዚህ ጠረጴዛው ጋ ኑ፤ በልባሱ ላይ ያለውን ስም አብረን እንመዝግብ።